ዕዳ ከሜዳ፦ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ማን ከፈለው?



የጦርነት ታሪክ ሲነገር የነገሥታትና የጄኔራሎች ስም ይበዛበታል። እኔ ግን በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ታሪክ ሳነብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ወጪው ስንት ነበር? ማን ፈረመ? ማንስ ከፈለ? በዚህ ጽሑፍ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት አካሄድ በእነዚህ ጥያቄዎች በኩል ላሳያችሁ እወዳለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጦርነቱ መነሻ በሳራዬቮ ከተማ የተተኮሰ ሽጉጥ ነው። ሰኔ 28 ቀን 1914 ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ ወጣት የኦስትሪያ-ሀንጋሪን አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድንና ባለቤቱን ሶፊን ገደለ። ከወር በኋላ ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። መንግሥታቱ ቀደም ብለው በቃል ኪዳን ተሳስረው ስለነበር አንዱ ሌላውን እየጎተተ ገባ። ሩሲያ ለሰርቢያ ቆመች፤ ጀርመን በሩሲያና በፈረንሳይ ላይ ዘመተች፤ ጀርመን ቤልጂየምን ስትወር ደግሞ እንግሊዝ ገባች። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ዘማቾች ለገና ቤታችን እንገባለን ብለው ነበር የወጡት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተጀመረው ጦርነት የታሰበለትን መንገድ አልያዘም።

የጀርመን ሠራዊት ፓሪስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መስከረም 1914 በማርን ወንዝ ተገታ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች መሬት ቆፍረው ገቡ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ከሰሜን ባሕር እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር ድረስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የምሽግ መስመር ተዘረጋ። ምሽጉን ለመስበር ያስቸገረው ነገር ቀላል ነው። በምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር መትረየስ፣ ከፊቱም እሾሃማ ሽቦ አለው። የሚያጠቃው ግን በጭቃና በገላጣ ሜዳ ላይ በእግሩ መሮጥ አለበት። አንድ ምሽግ ቢያዝ እንኳ ተከላካዩ በባቡር አዲስ ጦር አምጥቶ ከኋላ ሌላ ምሽግ ይሞላል። ስለዚህ መስመሩ ለሦስት ዓመት ያህል ብዙም ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

ይህን ለመስበር ያልተሞከረ ነገር የለም። ሚያዝያ 1915 በኢፕር አካባቢ ጀርመኖች የክሎሪን መርዝ ጋዝ ለቀቁ። በ1916 በቬርደን ለአሥር ወር በተደረገው ውጊያ ከፈረንሳይና ከጀርመን ወገን በድምሩ 300 ሺህ ገደማ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት በሶም ወንዝ አጠገብ እንግሊዞች ለአንድ ሳምንት 1.5 ሚሊዮን ያህል የመድፍ ጥይት አዝንበው ሐምሌ 1 ቀን ወደፊት ወጡ። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 19,240 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ። ውጊያው በኅዳር ሲቆም ያገኙት መሬት ጥልቀቱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

እንዲህ ያለ ጦርነት የሚያልቀው አንዱ ወገን ዳቦውን፣ ጥይቱንና ገንዘቡን ሲጨርስ ነው። በዚህ ጊዜ ሸክሙ ወደ ሴቶች ዞረ። በእንግሊዝ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች በጥይትና በመሣሪያ ፋብሪካዎች ሠሩ። የሚነኩት ፈንጂ ቆዳቸውን ቢጫ ስላደረገው «ካናሪ» በምትባለው ቢጫ ወፍ ስም ይጠሯቸው ነበር። ጥር 1917 ለንደን ውስጥ ሲልቨርታውን በተባለ ሰፈር የፈንጂ ፋብሪካ ፈንድቶ 73 ሰዎች ሞቱ። በጀርመን ደግሞ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል እህል እንዳይገባ ስለዘጋና የድንች ምርት ስለተበላሸ፣ የ1916 እና የ1917 ክረምት ሕዝቡ ለከብት መኖ የሚዘራ ሥራ ሥር እየበላ አለፈ።

በሩሲያም የዳቦ ሰልፉ የመንግሥት መውደቂያ ሆነ። መጋቢት 8 ቀን 1917፣ በዓለም አቀፉ የሴቶች ቀን፣ የፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ሥራ አቁመው ዳቦ እያሉ አደባባይ ወጡ። ሌሎች ሠራተኞችም ተከተሏቸው። በሳምንቱ ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ፤ በ1918 መጋቢት ሩሲያ ከጦርነቱ ወጣች። በሌላ በኩል አሜሪካ ሚያዝያ 1917 ገብታ ስለነበር ትኩስ ጦርና ስንቅ መጣ። ጀርመን በ1918 የጸደይ ወራት የመጨረሻ ኃይሏን አውጥታ አጠቃች፤ ከነሐሴ ጀምሮ ግን ወደ ኋላ ተገፋች። ኅዳር 11 ቀን 1918 በኮምፒዬኝ ጫካ በባቡር ፉርጎ ውስጥ ተኩስ ማቆም ተፈረመ። ከ9 ሚሊዮን በላይ ወታደሮች አልቀው ነበር።

አፍሪካም ከፍላለች። ጀርመን ታንጋኒካን ይዛ ስለነበር በምሥራቅ አፍሪካ ውጊያ ተደረገ። መኪና በማይገባበት አገር የጦሩን ስንቅና ጥይት የሚሸከመው ሰው ነበር። እንግሊዞች ብቻ አንድ ሚሊዮን የሚሆኑ ተሸካሚዎችን መለመሉ፤ ከእነርሱ ከ90 ሺህ በላይ ሞቱ። ከጥይት ይልቅ የገደላቸው በሽታና ረሀብ ነው። የብዙዎቹ ስም በመቃብር ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። በናይሮቢ «ካሪያኮር»፣ በዳሬሰላም «ካሪያኮ» የተባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ የተሸካሚዎች ጓድ የእንግሊዝኛ ስም ነው።

አገራችን ጦር ባታዘምትም ወላፈኑ ደርሶባታል። አዲስ አበባ የነበሩት የሁለቱ ወገን መልእክተኞች ኢትዮጵያን ወደየራሳቸው ለመሳብ ይሽቀዳደሙ ነበር። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነብላሉ በሚል የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ተወካዮች አቤቱታ አቀረቡ። ይህም ከውስጥ ቅራኔው ጋር ተደምሮ መስከረም 17 ቀን 1909 በእኛ አቆጣጠር ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ነገሡ። በማግሥቱ ወር በሰገሌ ሜዳ ብዙ ወገን አለቀ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ደግሞ በመርከብና በባቡር ከሚጓጓዘው ሠራዊት ጋር ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ ወደ እኛም ገባ። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ይህ ነው። ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። መንግሥታቱ ጦርነቱን የመሩት በአብዛኛው በብድር ነው። ለሕዝባቸው ቦንድ ሸጡ፤ ስናሸንፍ ተሸናፊው ይከፍላል የሚል ተስፋም ነበራቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ዕዳ ከ650 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተነሥቶ ከ7 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ጀርመን በ1921 የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሣ ተቆረጠባት። በኅዳር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ፤ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመች ሴት በቁጠባዋ ዳቦ መግዛት አቃታት። ካሣውን ለመክፈል ጀርመን ከተበደረችው የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው በጥቅምት 2010 ነው። እንግሊዝም ቀሪውን የጦርነት ቦንድ ከፍላ የጨረሰችው በመጋቢት 2015 ነው። ፈራሚዎቹ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የከፈሉት በ1914 ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው። እኛ እንዲህ ያለውን «ዕዳ ከሜዳ» እንለዋለን።

እህቶቼ፣ በማኅበራችን አንዲት አባል ብድር ስትጠይቅ ለምን እንደምትፈልገው፣ ከየት እንደምትከፍል፣ ዋሷ ማን እንደሆነ እንጠይቃለን። በ1914 የፈረሙት መንግሥታት ይህን ያህል እንኳ አልተጠየቁም።

ከመካከላችን ባሏን ወይም ልጇን በጦርነት ያጣች፣ ቤቷ የተበተነባት፣ ዛሬም ወሬ የምትጠብቅ እንዳለች ሁላችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ድጋፍ የሚመጣው ተኩሱ ሲሰማ ነው፤ ተኩሱ ሲቆም ድጋፉም ይቆማል። የልጆቿ ትምህርት፣ የቤት ኪራይና የሐዘን ሕመም ግን ያኔ ይጀምራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ በጦርነት ለተጎዱ አባላት የምንይዘው ገንዘብ የአንድ ዓመት እርዳታ ሆኖ እንዳይቀር፣ በየዓመቱ በበጀታችን ቋሚ መስመር ይኑረው። ደጋፊዎቻችንም ይህን ሐሳብ ከእኛ ጋር እንድታዩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።