የጎልፍ ኳስን አጥፎ መምታት

የጎልፍ ኳስን አጥፎ መምታት ኳሱ በአየር ላይ ሳለ ሆን ተብሎ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ የማድረግ ችሎታ ነው። ዛፍን ለመዞር፣ ነፋስን ለመቋቋም ወይም ከአሸዋ ጉድጓድ ጀርባ ወዳለ ቀዳዳ ለመቅረብ ያገለግላል። ከ2000ዎቹ ጀምሮ የዱላውንና የኳሱን እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች ስለተስፋፉ፣ ቀድሞ በስሜት ብቻ ይለመድ የነበረው ይህ ችሎታ ዛሬ በቁጥር እየታየ ይለመዳል። መሣሪያዎቹ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የነበረ አንድ ትምህርትም ስሕተት እንደነበረ በግልጽ አሳይተዋል።

የምት ዓይነቶች

የሚከተሉት ስሞች በቀኝ እጅ ለሚጫወት ሰው የተገለጹ ናቸው፤ ለግራ እጅ ተጫዋች አቅጣጫው ይገለበጣል።

• ድሮው፦ ከዒላማው በስተቀኝ ተነሥቶ በመጠኑ ወደ ግራ የሚመለስ ምት።
• ፌድ፦ ከዒላማው በስተግራ ተነሥቶ በመጠኑ ወደ ቀኝ የሚመለስ ምት።
• ሁክ፦ ከመጠን በላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ ምት።
• ስላይስ፦ ከመጠን በላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ምት፤ በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

በግራ እጁ የሚጫወተው አሜሪካዊው ቡባ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2012 የማስተርስ ውድድር መለያ ጨዋታ ላይ ከዛፎች መካከል ሆኖ ኳሱን በሰፊው ወደ ቀኝ በማጠፍ ሉዊ ኡስትሃይዘንን አሸንፏል። ይህ ምት ለግራ እጅ ተጫዋች ሁክ ነው።

ኳሱ የሚታጠፍበት ምክንያት

በደንብ የተመታ የጎልፍ ኳስ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይበርራል። የሽክርክሪቱ ዘንግ ከአግድም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኳሱ ወደዚያው ጎን ይታጠፋል። ይህም በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ጉስታቭ ማግነስ ስም የማግነስ ውጤት ይባላል።

ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ለግማሽ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ኳሱን በዚያች ቅጽበት ሊመራው አይችልም። በዱላው መካከል በተመታ ኳስ ላይ አቅጣጫን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የዱላው ፊት ወዴት እንደሚያይና የዱላው ራስ በየትኛው መንገድ እንደሚጓዝ።

የቀድሞው ትምህርትና እርማቱ

ብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ኳሱ በዱላው መንገድ ተነሥቶ፣ በኋላ ፊቱ ወደሚያይበት ይታጠፋል ይሉ ነበር። በተግባር ግን ኳሱ የሚነሣው በአብዛኛው ፊቱ ወደሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ የሚታጠፈውም ከመንገዱ በተቃራኒ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቴዎዶር ዮርገንሰን ይህን በ1990ዎቹ በጻፈው መጽሐፍ ቢያብራራም፣ በስፋት የታመነው ግን መለኪያዎቹ ከመጡ በኋላ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከፊቱ ዛፍ ያለበት ተጫዋች በቀድሞው ትምህርት መሠረት የዱላውን ፊት ወደ ዒላማው አድርጎ መንገዱን ከዛፉ በስተቀኝ ቢያሳልፍ፣ ኳሱ ፊቱን ተከትሎ ዛፉን ይመታል። ትክክለኛው አሠራር ፊቱን ከዛፉ በስተቀኝ፣ መንገዱን ደግሞ ከፊቱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ማድረግ ነው። እንደዚሁም ስላይስ የሚያስቸግረው ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ ሲሄድበት ዱላውን ይበልጥ ወደ ግራ ይሰድዳል፤ በዚህም በፊቱና በመንገዱ መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ ስላይሱን ያባብሰዋል።

መለኪያ መሣሪያዎች

መሣሪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛዎቹ በዶፕለር ራዳር ዱላውንና የኳሱን በረራ ይከታተላሉ፤ ከእነዚህ ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ2003 በዴንማርክ የተመሠረተው ኩባንያ የሚሠራው ትራክማን ነው። ሁለተኛዎቹ በፈጣን ካሜራ የምቱን ቅጽበት አንሥተው ቀሪውን በረራ በስሌት ያገኛሉ፤ ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥም ይሠራሉ።

ለዚህ ልምምድ የሚያስፈልጉት ዋና ልኬቶች የፊቱ አቅጣጫ፣ የዱላው መንገድ፣ የሁለቱ ልዩነትና የሽክርክሪቱ ዘንግ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከዒላማው በስተቀኝ ያለው በመደመር፣ በስተግራ ያለው በመቀነስ ምልክት ይጻፋል። ለምሳሌ መንገዱ 4 ዲግሪ ወደ ቀኝ ቢሆን፦

• ፊቱ 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ ከሆነ፣ ኳሱ በቀኝ ተነሥቶ ወደ ዒላማው ይመለሳል፤ ይህ ድሮው ነው።
• ፊቱ 0 ከሆነ፣ ወደ ዒላማው ገደማ ተነሥቶ በስተግራ ያርፋል።
• ፊቱ 4 ከሆነ፣ ሳይታጠፍ በቀጥታ ወደ ቀኝ ይሄዳል።
• ፊቱ 6 ከሆነ፣ በቀኝ ተነሥቶ ይበልጥ ወደ ቀኝ ይርቃል።

ልዩነቱ እኩል ቢሆንም ፊቱ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ለምሳሌ ድራይቨር፣ ፊቱ ወደ ኋላ ካዘነበለው ዌጅ የበለጠ ኳሱን ያጥፈዋል።

የልምምድ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ በመካከለኛ ዱላ፣ ለምሳሌ በ7 ቁጥር አይረን፣ ዐሥር ያህል ኳሶች ተመትተው የተጫዋቹ የተለመደ መንገድ ይታወቃል። ቀጥሎ በዒላማው መስመር ላይ፣ ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት ዘንግ ተተክሎ ኳሱን በዘንጉ ቀኝና ግራ ማስነሣት ይለመዳል፤ ይህ ፊቱን መቆጣጠር ነው። መንገዱን መለወጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመጨረሻ ተጫዋቹ ማያውን ሳያይ ቁጥሩን ይገምታል፤ ከዚያ ያመሳክራል። የልምምዱ ግብ ስሜቱን ከልኬቱ ጋር ማስማማት ነው፤ በሜዳ ላይ የሚቀርለት ስሜቱ ብቻ ነውና።

ጥንቃቄዎች

ከላይ የተገለጸው ሕግ የሚሠራው ኳሱ በዱላው ፊት መካከል ሲመታ ነው። በድራይቨር ጫፍ የተመታ ኳስ ወደ ግራ፣ በተረከዙ የተመታ ደግሞ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ዝንባሌ ይኖረዋል፤ ይህም ፊቱና መንገዱ ትክክል ሆነው ሳለ ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩና በረራው ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ አወዛወዙን ከመለወጥ በፊት በዱላው ፊት ላይ ዱቄት ነስንሶ ኳሱ ያረፈበትን ቦታ ማየት ይጠቅማል።