«ዘመኑ ነው» ማለት ያድናልን?

 

በመድረሳ የቢላልን (ረ.ዐ.) ታሪክ በምናስተምርበት ቀን ልጆች ደስ ይላቸዋል። ከኡመያ ኢብን ኸለፍ ሥቃይ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ገንዘብ ነፃ ወጥቶ፣ መካ በተከፈተችበት ቀን ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያሰማውን ሐበሻ የማይወድ ማን አለ? አንድ ቀን ግን አንድ ተማሪ፣ «ኡስታዝ፣ ቢላል ነፃ ከወጣ ከሺህ ዓመት በኋላ ሙስሊም ነጋዴዎች ሰው ይሸጡ የነበረው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ልጄ፣ ዘመኑ ነዋ!» ብዬ አለፍኩት። እቤቴ ስገባ ግን መልሱ ለራሴም አልበቃኝም።

እርግጥ ነው፣ ባርነትን ኢስላም አላመጣውም። ሮማውያንም፣ ፋርሶችም፣ የጃሂሊያ ዐረቦችም ባሪያ ነበራቸው። ቁርኣን በወረደ ጊዜ ባሪያን ነፃ ማውጣት በሱረቱል በለድ ከአስቸጋሪው ዐቀበት ጋር ተነጻጸረ፤ በሱረቱ ኒሳእ በስሕተት ነፍስ ላጠፋ ሰው ከፋራ ተደረገ፤ በሱረቱ ተውባ ከዘካ ድርሻ ተመደበለት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አቡዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወረው ጊዜ የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነግረው ገሠጹት፤ በእጃችሁ ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸውና ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱትም አልብሷቸው ሲሉ አዘዙ። በሐዲስ ቁድሲም ነፃ ሰውን ሽጦ ዋጋውን የበላ፣ በቂያማ ቀን አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ ባላጋራው እንደሚሆን ተነግሯል።

ከዚህም ተነሥተው ፉቀሃኦች ነፃ ሙስሊምን ባሪያ ማድረግ ሐራም መሆኑን ወሰኑ። የተውት መግቢያ በሕጋዊ ጦርነት የተማረከ ከሃዲና ከባሪያ የተወለደ ልጅ ብቻ ነበር። ነጋዴው ግን ጠባብ በር አያበላውም። እየሰበረ ገባ።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የቲምቡክቱውን ዓሊም አሕመድ ባባን ላስታውስህ። እ.ኤ.አ. በ1556 ከዑለማ ቤተሰብ ተወለደ። በ1591 የሞሮኮው ሱልጣን አሕመድ አልመንሱር ጦሩን በሰሃራ አሻግሮ፣ እንደርሱው ሙስሊም የነበረውን የሶንጋይ መንግሥት በቶንዲቢ ድል አደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቲምቡክቱ ዑለማ በወረራው ላይ አድማችኋል ተብለው ታሰሩ፤ አሕመድ ባባም በሰንሰለት ሆኖ ወደ መራኪሽ ተወሰደ። 1,600 ኪታቦቹ ተዘረፉ፤ ከዘመዶቹ ሁሉ ያነሰው የእርሱ ቤተ መጻሕፍት እንደነበረም ተናግሯል። ከእስር ቢለቀቅም ወደ አገሩ የተመለሰው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህ ሰው በ1615 በሰሃራ በረሃ ውስጥ ካለችው ከቱዋት ጥያቄ መጣለት። ከጥቁሮች አገር የሚመጡትን ባሮች መግዛት ይፈቀዳል ወይ? የነቢዩ ኑሕ ልጅ ሐም ስለተረገመ ዘሮቹ ባሮች ናቸው የሚባለውስ እውነት ነው ወይ? አሕመድ ባባ «ሚዕራጁ ሱዑድ» በተባለው ድርሰቱ መለሰ። ለባርነት ሰበቡ ኩፍር እንጂ የቆዳ ቀለም አይደለም፤ በሐም ዘርና በሌላው መካከል በሸሪዓ ዘንድ ልዩነት የለም አለ። የቦርኑ፣ የካኖ፣ የካትሲና፣ የሶንጋይ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸውና ሊሸጡ አይገባም ሲል አገር በአገር ቆጠረ። ባሪያው «እኔ ከሙስሊም አገር ነኝ» ካለም ማስረጃ የማቅረቡ ዕዳ በያዘው ላይ እንጂ በእርሱ ላይ እንዳልሆነ የወሰኑትን ሊቃውንት ተከተለ።

ልብ በል! ነጋዴው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሃይማኖት፣ በዚያው ቋንቋ ተነግሮታል። «አላወቅኩም ነበር» ሊል አይችልም። ይሁን እንጂ ታሪክን ሳንሸፍን እንናገር። አሕመድ ባባ ባርነትን ከሥሩ አልነቀለም። ከሙስሊም አገር ውጭ የተያዘው ሰው እናትም በዚያች ሌሊት አልቅሳለች፤ ለእርሷ ያ ፈትዋ አልደረሰላትም። ንግዱም ከእርሱ በኋላ ለብዙ ትውልድ ቀጠለ።

በሩን ለመዝጋት አንድ እርምጃ የሄዱት የቱኒስ ሰዎች ናቸው። አሕመድ በይ እ.ኤ.አ. በ1846 ባርነትን ሲከለክል የሐነፊውም የማሊኪውም ሙፍቲ ደግፈውታል። አብዛኞቹ ባሮች የተያዙበት መንገድ ሕጋዊነቱ አጠራጣሪ ነው፣ ጌቶቻቸውም ሸሪዓ ያዘዘውን መብት አይጠብቁላቸውም የሚል ነበር ምክንያቱ። ይህ የሆነው ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ከመከልከሏ 2 ዓመት፣ አሜሪካ በሕገ መንግሥቷ ከማጥፋቷ 19 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

የእኛስ አገር? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ ምድርና ከዚያም ወዲያ የተያዙ ሰዎች በጂማው ሂርማታና በሌሎች ገበያዎች እየተሸጡ ወደ ምጽዋና ወደ ታጁራ ወርደው ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መኳንንት እጅ አለበት፤ ከነጋዴዎቹ ግን ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን በ1924 ባርነትን የሚገድብ፣ በ1942 ደግሞ ፈጽሞ የሚከለክል አዋጅ ወጣ። እንግዲህ በቢላል ሐበሻነት የምንኮራ ሁሉ በሂርማታ የተሸጠችውንም ልጅ ልናስባት ይገባናል። እርሷም ሐበሻ ምድር የበቀለች ናት።

ተማሪዬን በማግስቱ ጠርቼ፣ «ልጄ፣ ትናንት የመለስኩልህ ትክክል አልነበረም። የሚናገር ነበረ፤ ሰሚ ነው የጠፋው» አልኩት።

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ገበያው ፈርሷል፤ ስድቡ ግን በአፋችን ላይ ቀርቷል። በየሰው አገር ፓስፖርቷ ተይዞ ደመወዟን የተከለከለችው እኅታችን አለች፤ በራሳችን ጓዳም ከምንበላው ተለይቶ የሚቀርብላት ሠራተኛ አለች። የልጅ ልጆቻችን ስለ እኛ ሲጠይቁ መምህራቸው «ዘመኑ ነበር» ብሎ እንዳያልፍ፣ ዛሬ የሚነገረንን እንስማ። ወላሁ አዕለም።