ከንፋስ ስልክ እስከ ሞባይል፦ አርሶ አደሩና የገበያ ዋጋ

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስያሜ ራሱ ታሪክ ነው። የቀድሞ ሰዎች ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚተላለፈውን መልእክት «የንፋስ ስልክ» አሉት፤ ጣቢያው የነበረበት አካባቢም በዚሁ ስም ተጠራ። ያ ስልክ ግን የመንግሥት እንጂ የአርሶ አደሩ አልነበረም።

አርሶ አደሩ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰማው ከነጋዴና ከደላላ አፍ ነበር። ምርቱን ጭኖ ገበያ ከደረሰ በኋላ መልሶ መውሰድ ስለሚከብደው በተጠራለት ዋጋ ይሸጥ ነበር።

1991 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 የወጣውም፣ የሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረውም በዚሁ ዓመት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የቡናንና የሰሊጥን የዕለት ዋጋ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና በስልክ ለገጠሩ ማሳወቅ ያዘ።

በ2013 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነስቶ በጃንሜዳ የቆየው አትክልት ተራ በክፍለ ከተማው ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደሚገኘው የላፍቶ ገበያ ተዛወረ። ቴሌብርም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ዛሬ ሽንኩርት አምራቹ ከመጫኑ በፊት ደውሎ ዋጋ መጠየቅ፣ ገንዘቡንም በስልኩ መቀበል ይችላል።

ሆኖም ዋጋ ማወቅና ዋጋ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ጥቂት ኩንታል ያለው ሰው የላፍቶን ዋጋ ቢሰማም ብቻውን የጭነት መኪና መከራየት አያዋጣውም፤ ምርቱ እንዳይበሰብስበት ማሳው ድረስ ለመጣው ገዥ ይሸጣል። ስልኩ ወሬውን ያደርሳል። ምርቱን ሰብስቦ፣ መዝኖና ጭኖ የሚደራደረው ግን ማኅበሩ ነው።