ትልቅ የቤት መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ፦ አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?

ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ሻርጃ ወይም ሪያድ ቤተሰብ ይዞ የሚኖር ሰው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ ትንሿ መኪና አልበቃው ትላለች። ያኔ ነው ‹‹ሰፋ ያለ መኪና ልግዛ፤ ግን አዲስ ነው ያገለገለ?›› የሚለው ጥያቄ የሚነሣው። ብዙ ሰው የሚያየው የመኪናውን ቀለምና የወር ክፍያውን ብቻ ነው። የዓመታት ላብ የሚበላው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ከየት አገር እንደገባ፣ ኢንሹራንሱ ምን እንደሚሸፍን። በዚህ ጽሑፍ በአብዛኛው የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስን እናያለን፤ ሳውዲ ላላችሁም የሚለየውን መጨረሻ ላይ እናነሣለን።

ከመኪናው በፊት፦ በራሳችሁ ስም መግዛት ትችላላችሁ?

ኤሚሬትስ ውስጥ መኪና በስማችሁ ለማስመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ (ኤሚሬትስ አይዲ) እና የመኪና ኢንሹራንስ ያስፈልጋችኋል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ደግሞ እዚህ በቀጥታ አይቀየርም፤ ተፈትናችሁ የአገሩን መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ያለ ትክክለኛ መንጃ ፈቃድ እየነዳችሁ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ የከፈለውን መልሶ ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል።

መታወቂያው ወይም ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ‹‹በጓደኛዬ ስም ልግዛው›› ይላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በሕግ ፊት መኪናው መልኪያው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ንብረት ነው። ገንዘቡን እናንተ ብታወጡም፣ ያ ሰው ዕዳ ቢኖርበት፣ ቢጣላችሁ ወይም ድንገት አገር ቢለቅ፣ ‹‹የእኔ ነው›› ብላችሁ ለማስረዳት በጣም ትቸገራላችሁ። በተቃራኒው በእናንተ ስም ሌላ ሰው መኪና ከገዛ የእርሱ የትራፊክ ቅጣት የሚቆለለው በእናንተ ላይ ነው። ወንድምና እህት ቢሆንም ያው ነው። መተዛዘን ጥሩ ነው፤ መልኪያ ግን በባለቤቱ ስም ይሁን።

ለቤተሰብ ‹‹ሰፊ›› ማለት ምንድን ነው?

በኤሚሬትስ ሕግ እስከ 4 ዓመት ያለ ሕፃን በልጆች መቀመጫ መታሰር አለበት። ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ሰው ከ10 ዓመት በታች መሆን የለበትም፤ ቁመቱም ቢያንስ 145 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከኋላ የተቀመጠም ቢሆን ሁሉም ሰው ቀበቶ ያስራል፤ ካላሰረ 400 ድርሃም ቅጣትና 4 ጥቁር ነጥብ አለ።

ስለዚህ ሦስት ልጅ ያለው ሰው ሦስቱንም ከኋላ ማስቀመጥ ሊኖርበት ነው። መኪና ልታዩ ስትሄዱ የልጆቹን መቀመጫ ይዛችሁ ሂዱና አስገብታችሁ ሞክሩ። በፎቶ ሰፊ የሚመስል መኪና ሁለት የልጅ መቀመጫ ሲገባበት መሐል ላይ ለሰው ቦታ የማይተርፍበት ብዙ ነው። የሕፃን ጋሪና የሳምንት አስቤዛ ከኋላ ዕቃ መጫኛው አብረው መግባታቸውንም እዩ።

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት

የኤሚሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ደንብ እንደሚለው ባንክ ለመኪና የሚያበድረው ከዋጋው ከ80 በመቶ አይበልጥም፤ ክፍያውም ከ60 ወር አይበልጥም። ያላችሁ ብድር ሁሉ ተደምሮ የወር ክፍያው ከገቢያችሁ ግማሽ ማለፍ የለበትም። ደመወዛችሁ 5,000 ድርሃም ሆኖ ለሌላ ብድር በወር 1,500 የምትከፍሉ ከሆነ ለመኪና የሚቀራችሁ 1,000 ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፦ አዲሱ መኪና 130,000፣ ያገለገለው 60,000 ድርሃም ይሁን። ወለዱም ‹‹ፍላት›› 3 በመቶ ነው እንበል።

ለአዲሱ 26,000 ቅድሚያ ትከፍላላችሁ፤ ብድሩ 104,000 ይሆናል። በ5 ዓመት ወለዱ 15,600 ነው፤ የወር ክፍያው ወደ 1,993 ድርሃም ይመጣል።

ላገለገለው 12,000 ቅድሚያ ትከፍላላችሁ፤ ብድሩ 48,000 ነው። በ4 ዓመት ወለዱ 5,760፣ የወር ክፍያው 1,120 ድርሃም ነው።

‹‹ፍላት›› የሚሉት ወለድ እንዳያታልላችሁ። ዋናውን ገንዘብ እየከፈላችሁ ስትቀንሱም ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ ነው። ስለዚህ 3 በመቶ ፍላት ማለት በሚቀንስ ዕዳ ሲሰላ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ባንኩን ‹‹በሚቀንሰው ሒሳብ ስንት ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ።

በዚህ ላይ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምዝገባ፣ ፓርኪንግ፣ እንዲሁም ዱባይ ውስጥ የሳሊክ፣ አቡዳቢ ውስጥ የደርብ የመንገድ ክፍያ አለ። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ወደ አገር ቤት የምትልኩትን ከቀነሳችሁ በኋላ የሚተርፈው ነው እውነተኛ አቅማችሁ። ‹‹ሰው በሊፍት እያመላለስኩ ብድሩን እከፍላለሁ›› የሚለውን ሐሳብ ከሒሳቡ አውጡት። በግል መኪና ያለ ፈቃድ ሰው በክፍያ ማመላለስ ክልክል ነው፤ ከፍተኛ ቅጣት አለው፤ መኪናውም ይታሰራል።

አዲስ ለማን ይሻላል?

አዲስ መኪና ዋስትና አለው፤ ጋራዥ አያንከራትትም። ኢንሹራንሱም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወኪሉ ጋራዥ እንዲጠገን ይፈቅዳል። ነገር ግን ዋጋው በጣም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሥራው የተረጋጋ፣ 5 ዓመት እዚሁ እቆያለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ቢገዛ ያዋጣዋል። ቪዛው በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ፣ ነገ የት እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ግን የ5 ዓመት ዕዳ ከባድ ነው። ብድር ሳይከፈል ከአገር መውጣት መፍትሔ አይደለም፤ ባንኩ ከከሰሰ የጉዞ እገዳ ሊጣልባችሁ ይችላል።

ለአብዛኛው ቤተሰብ መሐለኛው መንገድ ይሻላል፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለገለ፣ አንድ ባለቤት የነበረው፣ የወኪል ሰርቪስ መዝገብ ያለው መኪና። ትልቁን የዋጋ መውረድ የመጀመሪያው ሰው ተሸክሞላችኋል።

የትኛውን ልምረጥ?

ቶዮታ ካምሪና ሆንዳ አኮርድ በመጠን ከትልልቆቹ ትንሽ ዝቅ ይላሉ፤ ለአምስት ሰው ግን ይበቃሉ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተራቸው ቤንዚን ይቆጥባል፤ መለዋወጫ በየቦታው አለ፤ መልሳችሁ ስትሸጡም ቶሎ ይነሣሉ። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ካምሪ ዋጋው አልቀመስ ይላል።

ቶዮታ አቫሎን፣ ኒሳን ማክሲማ፣ ሸቭሮሌ ኢምፓላ፣ ፎርድ ቶረስና ክራይስለር 300 ከውስጥ ሰፋ ይላሉ። በአብዛኛው ባለ 6 ሲሊንደር ስለሆኑ ቤንዚን ይጠጣሉ፤ ያገለገሉት በተለይ የአሜሪካዎቹ ከካምሪ ይልቅ ዋጋቸው ቶሎ ስለሚወርድ ግን በተመሳሳይ ገንዘብ አዲስ ዓመተ ምሕረት ታገኛላችሁ። ኢምፓላ በ2020፣ ማክሲማና ክራይስለር 300 በ2023 ምርታቸው ቆሟል። ይህ ማለት አይገዙም ማለት አይደለም፤ መለዋወጫ እያደር ሊጠብ ስለሚችል ዋጋ ስትከራከሩ አስቡበት። ማክሲማ ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ አለው፤ የካምቢዮው ዘይት በወቅቱ መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እለፉት። ሂዩንዳይ አዜራና ኪያ ካዴንዛም ሰፊና ምቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ከአቫሎን ይረክሳል።

‹‹ገልፍ›› ነው ወይስ ከአሜሪካ የገባ?

ከሁሉ በላይ ልትጠይቁት የሚገባው ይህን ነው። ለባሕረ ሰላጤው ተብሎ የተሠራ መኪና (ጂ.ሲ.ሲ.) ማቀዝቀዣውና ኤሲው ለዚህ ሙቀት የታሰበ ነው። ከአሜሪካ የገቡት ብዙዎቹ ደግሞ በአደጋ ወይም በጎርፍ ተጎድተው በጨረታ የተሸጡ፣ እዚህ ተጠግነው የተቀቡ ናቸው። ርካሽ የሚሆኑት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ኤርባጉ ከፈነዳ በኋላ በቦታው ባዶ ክዳን ብቻ የተገጠመበት ነው። ልጆቻችሁን የምትጭኑበት መኪና ነውና ቀልድ የለም።

ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር ውሰዱ። እስከ 2017 ለባሕረ ሰላጤው ይመጡ የነበሩት ካምሪዎች በብዛት አውስትራሊያ ነበር የሚሠሩት፤ ቁጥራቸው በ6ቲ1 ይጀምራል። ፋብሪካው በዚያው ዓመት ተዘግቷል። በ4ቲ1 የሚጀምር ካምሪ የአሜሪካ ሥሪት ነው፤ ሻጩ ‹‹ገልፍ ነው›› ካላችሁ ማስረጃ ጠይቁት። ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሠራም፤ አቫሎንና ብዙዎቹ የአሜሪካ ብራንዶች በሕጋዊ ወኪል ቢመጡም እዚያው የሰሜን አሜሪካ ቁጥር ነው ያላቸው። ለእነዚህ ወኪሉ ዘንድ ሄዳችሁ በሻንሲ ቁጥሩ አስጠይቁ። ከአሜሪካ የገባ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ገንዘብ ከፍላችሁ ካርፋክስ ወይም አውቶቼክ ላይ የአደጋ ታሪኩን ማየት ትችላላችሁ።

ስታዩት ምን ታያላችሁ?

ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ኮፈኑን ከፍታችሁ የራዲያተሩን ውሃ ቀለም ተመልከቱ፤ ዘይት የተቀላቀለበት ወይም ዝገት የመሰለ ከሆነ አትግዙ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ክዳኑን እንዳትከፍቱ፣ ያቃጥላችኋል።

ኤሲውን በቀትር፣ መኪናው ቆሞ ሞክሩት። እየሄደ ቀዝቅዞ ሲቆም ከሞቀ ችግር አለ።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አንብቡ። 2321 ካለ በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም በኤሚሬትስ 5 ዓመት ያለፈው ጎማ በምርመራ አያልፍም፤ በበጋ አስፋልት ላይ ሊፈነዳም ይችላል።

ካምሪ ከሆነ ታክሲ እንዳልነበረ አረጋግጡ። የበሩን ማጠፊያና የኮፈኑን ውስጠኛ ክፍል ስታዩ ሌላ ቀለም ከታያችሁ ተቀብቷል ማለት ነው። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ መሪው፣ የፍሬን ፔዳሉና የሾፌሩ ወንበር ካለቁ ቆጣሪው ሳይመለስ አልቀረም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ፣ እናንተ የመረጣችሁት የምርመራ ማዕከል ውሰዱት። ሻጩ ‹‹አያስፈልግም›› ካለ መልሱ ያ ነው።

ገንዘብና ስም በአንድ ቀን ይዘዋወሩ

ሻጩ የባንክ ዕዳ ካለበት ባንኩ የመልቀቂያ ወረቀት ካልሰጠ ስም አይዞርም። ያልተከፈለ ቅጣትም እንዲሁ መከፈል አለበት። ስለዚህ ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ። ቀብድ ከሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ የሻጩ መታወቂያ ቅጂ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ዋጋውና ‹‹ምርመራ ካላለፈ ቀብዱ ይመለሳል›› የሚል ቃል ይኑርበት። ኢንሹራንሱን በስማችሁ አውጡ፤ ከሻጩ ጋር አብራችሁ የምዝገባ ማዕከል ሂዱና መልኪያው በስማችሁ ሲወጣ ክፈሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ አስጠይቁ። ያረጀ ወይም ከአሜሪካ የገባ መኪና ሙሉ ሽፋን የሚሰጠው ላያገኝ ይችላል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ካላችሁና ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ የራሳችሁን መኪና የሚጠግንላችሁ የለም።

ሳውዲ ላላችሁ

መልኪያ የሚባለው እናንተ ዘንድ ኢስቲማራ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራው ፋህስ ይባላል። ስም ማዛወር በአብሽር ይሠራል። ያገለገለ መኪና ታሪኩን በሞጀዝ አስወጡ። የቫት ግብር እዚያ 15 በመቶ ነው፤ በኤሚሬትስ 5 በመቶ ነው፤ አዲስ መኪና ስታወዳድሩ ዋጋው ግብሩን ያካተተ መሆኑን ጠይቁ። ከፊላችሁ ወይም ጓደኛችሁ በአብሽር የሚሰጣችሁ ተፍዊድ የመንዳት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ባለቤት አያደርጋችሁም። በስማችሁ መኪና እያለ ደግሞ የመጨረሻ መውጫ (ኹሩጅ ኒሃኢ) አይሰጣችሁም። ጉዞ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ሽጡና ስሙን አዙሩ።

‹‹በኋላ ወደ አገር ቤት እወስደዋለሁ››

ይህን አስባችሁ ከሆነ ዕቅዱን ቀይሩ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ዛሬ የምትገዙት ካምሪ ወይም አቫሎን እዚሁ የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የምትሸጡበትን ቀን አብራችሁ አስቡ፦ ቶሎ የሚነሣ ሞዴል፣ ነጭ ወይም ብርማ ቀለም፣ የተሟላ የሰርቪስ ወረቀት፣ በራሳችሁ ስም የወጣ መልኪያ።

መኪና ቤተሰብን ያቀራርባል፤ ልጅ በሰዓቱ ትምህርት ቤት፣ በሽተኛ በሌሊት ሆስፒታል ይደርስበታል። የሰው ዓይን ለመሙላት ሳይሆን ለዚህ ብላችሁ ግዙ። መልካም ጉዞ!