ፈረስ ያደርሳል እንጂ…

የእሽቅድምድም መኪና ወዳጆች ሲገናኙ ክርክራቸው ያው ነው። የዚህኛው ሞተር ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ያኛውስ ኩርባ ላይ እንዴት ነው? በቀጥታ መንገድ የሚፈተለከው ይሻላል ወይስ በጠባብ ቦታ የሚታጠፈው? ለደስታው ለሚነዳ ሰው ይህ ጨዋታ ነው፤ ቢሳሳት የሚከስረው ገንዘቡን ነው። ይኸው ክርክር ግን ጨዋታነቱ ቀርቶ የሰው ሕይወት የተከፈለበት ዕለት ነበር። ቦታው የመተማ ሰማይ፣ ቀኑ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ከሱዳኗ ገላባት የምትለየው በአንዲት ወንዝ ብቻ ነው። ጣሊያኖች በሰኔ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ ይህችን ወንዝ ተሻግረው ገላባትን ያዙ። እንግሊዞች ደግሞ ገላባትን አስለቅቀው መተማን ለመያዝ በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራውን 10ኛውን የህንድ ብርጌድ አሰለፉ። በዚያን ጊዜ አፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ናቸው፤ ኮሎኔል ሳንፎርድ በነሐሴ ወር ወሰኑን አልፎ ጎጃም ገብቷል፤ አሞራው ውብነህን የመሳሰሉ አርበኞች በአርማጭሆ በረሃ ከጠላት ጋር እንደተያያዙ ናቸው። መተማ ብትያዝ ለአርበኛው መሣሪያ የሚገባበት በር ይከፈት ነበር።

በሰማዩ የተገናኙት ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች መንትያ ይመስላሉ። የጣሊያኑ ሲ.አር.42፣ ሴይቸንቶን ለአዲስ አበባ ታክሲነት ያበረከተው የፊያት ሥራ ነው። የእንግሊዙ ግላዲያተር የግሎስተር ሲሆን ሞተሩ የብሪስቶል ነው፤ የብሪስቶል ኩባንያም ከጦርነቱ በኋላ ፈጣን መኪና ወደ መሥራት ገብቷል። ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍ ናቸው፤ የሁለቱም እግር አይታጠፍም፤ የሁለቱም ሞተር ወደ 840 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። ልዩነታቸው ከዚህ በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረረው ግላዲያተር ቀለል ያለ፣ አብራሪው በመስተዋት የተሸፈነለት፣ በጠባቡ ዞሮ የሚመለስ ነው። አራት ባለ 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች አሉት፤ በሰዓት ወደ 410 ኪሎ ሜትር ይበራል። በ1930 ዓ.ም. የተከተለው ፊያት ደግሞ ከበድ ይላል፤ አብራሪው ነፋስ እየመታው ይበራል፤ ግን ወደ 440 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠቀው ሁለት ባለ 12.7 መትረየስ ነው። ባጭሩ አንዱ በመታጠፍ፣ ሌላው በፍጥነትና በምት ክብደት ይበልጣል። ወረቀት ላይ ቢመዘኑ ሚዛኑ ብዙም አያጋድልም።

በዚያ ጥዋት የስሊም ጦር ገላባትን ያዘ። ነገር ግን ካሰለፋቸው 12 ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በቋጥኝ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። በሰማዩም ግላዲያተሮቹ የመጡት አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነበር። ፊያቶቹ በርከት ብለው ጠበቋቸውና በየተራ ጣሏቸው፤ ሻለቃ ቫን ስካልክዊክ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ አዛዥም ከሞቱት አንዱ ነበር። ሰማዩን የያዙት ጣሊያኖች ምሽግ በማይቆፈርበት ዐለት ላይ የሰፈረውን እግረኛ በቦምብ ደበደቡት። ከፊሉ ሸሸ፤ ስሊምም ጦሩን መለሰ። መተማ አልተያዘችም።

ታዲያ ያሸነፈው ፊያት ነውን? ፍጥነት ያለው ግጥሚያውን ራሱ ይመርጣልና ፊያት ድርሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ይሁንና ጠባብ ዙር የሚያውቀው ግላዲያተር ብልጫውን ሊያሳይ የሚችለው ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት ቢሰለፍ ነበር። ብቻውን የተላከ ማሽን በብዙ ሲከበብ ወዴትስ ይዞራል? የከሸፈው የመሐንዲሱ ሥራ ሳይሆን የላኪው ሐሳብ ነው። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚሉት ይህንን ነው።

ዋጋውንም ከፋዩ ብዙ ነው፦ የሞተው አብራሪ፣ ዐለት ላይ የተደበደበው የህንድና የእንግሊዝ ወታደር፣ መሣሪያ በዚያ በር ይመጣልኛል ብሎ የጠበቀው አርበኛ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው የገቡት በመተማ ሳይሆን በኦሜድላ ነው። ጣሊያኖችም ከ11 ቀን በኋላ መተማን ለቀው ወደ ጎንደር አፈገፈጉ። የመተማ በር የተከፈተው በአውሮፕላን ብልጫ አይደለም፤ ጠላት በየአቅጣጫው ስለተያዘ ነው።