መነጽር በአፍንጫ፣ ማጉያ በግንባር

የመነጽርና የማጉያ መስታወት ታሪክ ሲመረመር ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሆነው ይገኛሉ። እንግሊዛዊው መነኩሴ ሮጀር ቤከን በ1267 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኦፑስ ማዩስ» በተሰኘው ድርሰቱ፣ ከክብ ብርጭቆ ተቆርጦ በፊደል ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ጽሕፈትን አጉልቶ እንደሚያሳይ፣ ለሽማግሌዎችና ዓይናቸው ለደከመም እንደሚጠቅም አስረድቷል። ከዚህ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1286 ግድም፣ በኢጣልያ በፒዛ አካባቢ ሁለት ሌንሶች ተጣምረው በአፍንጫ ላይ ተቀመጡ፤ መነጽርም ተወለደ። ቶማዞ ዳ ሞዴና በ1352 በትሬቪዞ ከተማ በሣላቸው የግድግዳ ሥዕሎች ላይ አንዱ ካርዲናል መነጽር አድርጎ ሲጽፍ፣ ሌላው ማጉያ መስታወት በእጁ ይዞ ሲያነብ ይታያል። እንግዲህ የሁለቱ መሣሪያዎች መንገድ ገና ከጥንቱ ተለያይቷል ማለት ነው። መነጽር ከዓይን የጎደለውን ይመልሳል፤ ማጉያ ግን ጤነኛው ዓይን ካለው በላይ ይጨምራል።

ይህ መለያየት በተለይ የሚያስቸግረው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈልገውን ሰው ነው። ከእነዚህም መካከል የመርከብ፣ የባቡርና የአውሮፕላን ሞዴል በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ይገኙበታል። ሥራው የቆየ ነው። በናፖሌዎን ዘመን በተደረጉት ጦርነቶች የተማረኩ ፈረንሳውያን፣ ከ1797 እስከ 1814 በእንግሊዝ አገር በኖርማን ክሮስ በነበረው የምርኮኞች ሰፈር፣ ከምግባቸው የተረፈውን አጥንት እየፋቁ ከነገመዱ የተሟላ የመርከብ አምሳያ ይሠሩ ነበር። በ1936 ደግሞ በዚያው በእንግሊዝ አገር «ፍሮግ ፔንግዊን» የተባሉት የፕላስቲክ የአውሮፕላን ሞዴሎች በ1 ለ72 ልክ ተሠርተው ለገበያ ቀረቡ፤ ሥራውም ከጥቂት የእጅ ባለሙያዎች ወደ ብዙ ቤተሰብ ጠረጴዛ ተዛመተ። በዚህ ልክ ቁመቱ 1.80 ሜትር የሆነ አብራሪ 25 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። 3 ሳንቲሜትር የሚያህለው የዓይኑ ስፋትም ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይወርዳል። ይህን በቀለም መንካት የሚሻ ሰው፣ ዕድሜው ከአርባ ባለፈ ጊዜ እጁ ሳይደክም ዓይኑ ይቀድመዋል።

የዚህን ድካም ምክንያት በሰፊው ያብራራው ሆላንዳዊው ሐኪም ፍራንስ ዶንደርስ ነው። በ1864 በታተመው መጽሐፉ፣ ዓይን ወደ ቅርብ ለማየት ራሱን የማስተካከል ኃይሉ ከልጅነት ጀምሮ በየዓመቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ በቁጥር አሳየ። በ1872 ደግሞ ፈረንሳዊው ፌርዲናን ሞኖየ የሌንስን ኃይል መለኪያ «ዲዮፕተር» ሲል ሰየመ። በዚህ መለኪያ 1 ሜትር ለዲዮፕተሩ ቁጥር ሲካፈል የሌንሱ የትኩረት ርቀት ይገኛል፤ የ5 ዲዮፕተር ሌንስ በ20 ሳንቲሜትር፣ የ10 ዲዮፕተር ሌንስ በ10 ሳንቲሜትር ያሳያል። ስለዚህ ማጉላት ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ዋጋውም ርቀት ነው።

ሰዓት ሠሪዎች በአንድ ዓይን ጉድጓድ የሚያጣብቁት ማጉያ ለሰዓት ሥራ ሲያገለግል ኖሯል። ለሞዴል ሠሪው ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እንዳስረዳው፣ የነገሮች ጥልቀት በደንብ የሚታወቀው የሁለቱ ዓይኖች ምስል ስለሚለያይ ነው፤ በአንድ ዓይን የሚሠራ ሰው ወረንጦው ክሩን ይለፈው አይለፈው በቶሎ አይለይም። ሁለተኛ፣ ይህ ማጉያ መነጽር ካደረገ ሰው ዓይን ጋር አይገጥምም። ለአንዳንዱ መነጽሩን ማውለቅ ይበቃዋል፤ እንዲያውም የ5 ዲዮፕተር ቅርብ አይ የሆነ ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ ያለ ምንም ማጉያ በ20 ሳንቲሜትር አጥርቶ ያያል። ቶማስ ያንግ በ1801 በገዛ ዓይኑ መርምሮ የገለጸው አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ማጉያው ብዥታውን አብሮ ያጎላበታልና።

መፍትሔው የተገኘው ሁለቱን የተለያዩ መሣሪያዎች መልሶ በማገናኘት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በሐኪሞች እጅ የነበረው የሁለት ዓይን ማጉያ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት በግንባር የሚታሰር ቀላል መሣሪያ ሆኖ ወደ አንጥረኛውና ወደ ሞዴል ሠሪው ጠረጴዛ ደረሰ። በግንባር የሚታሰረው ማጉያ ከመነጽሩ ፊት ስለሚወርድ፣ መነጽሩ ጉድለቱን ሲያርም ማጉያው ያጎላል፤ ሁለቱ እጆችም ነጻ ይሆናሉ። በደኅና በተሠሩት ሌንሱ በአፍንጫ በኩል ወፈር እንዲል ስለሚደረግ፣ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ብዙ ሳይዞሩ ያርፋሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በብዙ ሰው ዘንድ ይዘነጋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1785 በጻፈው ደብዳቤ የገለጸው ባለ ሁለት ክፍል መነጽር ዛሬም በብዙ አረጋውያን አፍንጫ ላይ አለ። የ5 ዲዮፕተር ማጉያ በላይኛው፣ ማለት በሩቅ ማያው ክፍል ሲታይበት፣ ሥራው በ20 ሳንቲሜትር ይጠራል። የ2.5 ዲዮፕተር ጭማሪ ባለው በታችኛው ክፍል ሲታይበት ግን ኃይላቸው ተደምሮ 7.5 ስለሚሆን ሥራው ወደ 13 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ምስሉ ይጎላል፤ ነገር ግን መሣሪያ ማስገቢያ ቦታ ይጠባል፣ የራስ ጥላ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ አንገትም ይጎብጣል። ሰውየው ማጉያው አልስማማ እንዳለው ቆጥሮ ወደ መሳቢያ ይወረውረዋል፤ ብዙም ሳይቆይ የሚወደውን ሥራ ይተዋል። ጥፋቱ ግን የማጉያውም የዓይኑም ሳይሆን የድምሩ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ባልደረቦች የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። ማጉያ የሚሻ ሰው ሲመጣ ስንት እጥፍ እንዲያጎላለት ከመጠየቅ በፊት፣ እጁን ከዓይኑ በምን ያህል ርቀት እንደሚያሠራና ከማጉያው በታች የትኛውን መነጽር እንደሚያደርግ መጠየቅ ይገባል። በመሥሪያ ቦታው ያለውን ርቀት በመለኪያ ለክቶ እንዲመጣ ማድረግ ደግሞ የበለጠ ነው። ይህ ጥያቄ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የአንድን ሰው የብዙ ዓመት የእጅ ጥበብ ነው።