ቢ.ፒ.አር. እና ያልተንቀሳቀሰው ፊርማ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ወይም ጉዳይ ይዞ የተመላለሰ ሰው «ቢ.ፒ.አር.» የሚለውን ስም ሳይሰማ አላለፈም። በአማርኛ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተብሎ ተተርጉሟል። ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ክበብ ወሬ እርሱ ነበር። ዛሬ ግን ወጣት ባለሙያዎች ምን እንደነበረ ሲጠይቁኝ ብዙዎቹ የሚያውቁት ሠራተኛ የተቀነሰበትና የተደለደለበት ዘመን መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ምንነቱን፣ አመጣጡንና በቅርብ ያየሁትን አንድ እንከኑን እዚህ ላይ ለማስፈር ወደድሁ።

የጽንሰ ሐሳቡ አባት በኤም.አይ.ቲ. የኮምፒዩተር ሳይንስ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ማይክል ሐመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 «ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው» ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የተወሳሰበን አሠራር እንዳለ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ውስብስቡን ከማፋጠን ያለፈ ጥቅም እንደሌለው፣ ይልቁንም አሠራሩን አፍርሶ ከባዶ ወረቀት መጀመር እንደሚሻል ተከራከረ። በ1993 ከጄምስ ቻምፒ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ አሰራጨው።

ሐመር ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች ታዋቂው የፎርድ ነው። የሰሜን አሜሪካው ፎርድ ለአቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍለው ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ሲኖሩት፣ የጃፓኑ ማዝዳ ያንኑ ሥራ በ5 ሰው ይሠራ ነበር። የኩባንያዎቹ መጠን ቢለያይም ልዩነቱ በመጠን ብቻ የሚብራራ አልነበረም። የፎርድ ሠራተኞች የግዥ ማዘዣውን፣ የዕቃ መረከቢያውንና የአቅራቢውን ደረሰኝ 14 ነጥቦች ላይ እያመሳከሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይገጥም ሲቀር ደብዳቤ እየተጻጻፉ ይውላሉ። በአዲሱ አሠራር ደረሰኝ የሚባለው ነገር ቀረ። ዕቃ መረከቢያው በር ላይ ያለው ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን ያያል፤ የመጣው ዕቃ ከታዘዘው ጋር ከገጠመ ይረከባል፣ ካልገጠመ ይመልሳል። ከተረከበ ክፍያው በዚያው ይከተላል። የክፍሉ የሰው ኃይል በ75 በመቶ ቀነሰ።

ስለ ፎርድ በአገራችን ሥልጠናዎች ላይ ብዙ ተነግሯል። ሲነገር ግን ጎልቶ የሚወጣው የሰው ቁጥሩ መቀነስ ነበር። እኔ እንደማየው የታሪኩ እምብርት ሌላ ነው፦ ቀድሞ ሦስት ሰነድ የሚያመሳክሩ ጸሐፊዎችና አለቆቻቸው ይወስኑት የነበረውን ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን በሩ ላይ ወደቆመው ሠራተኛ ወረደ። ሐመር ራሱ ከዘረዘራቸው መርሆዎች አንዱ፣ ውሳኔው ሥራው በሚሠራበት ቦታ ይሰጥ የሚል ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም በ1994 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር አምስት ንዑስ ፕሮግራሞች ነበሩት፦ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር፣ የሰው ሀብት አመራር፣ የአገልግሎት አሰጣጥ፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓትና ሥነ ምግባር። ቢ.ፒ.አር. በዚህ ጥላ ሥር ገብቶ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ በየመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ሆነ። አሠራሩ ባለ ብዙ ደረጃ ነበር። የጥናት ቡድን ይቋቋማል፤ ነባሩን ሂደት ያጠናል፤ «የተለጠጠ ግብ» ያስቀምጣል፤ አዲሱን ሂደት ይቀርጻል፤ ከዚያ በሙከራ ታይቶ ወደ ሙሉ ትግበራ ይገባል። መምሪያና አገልግሎት ይባሉ የነበሩት «ዋና የሥራ ሂደት» እና «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተባሉ፤ የመምሪያ ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት»፣ ባለሙያው «ኦፊሰር» ሆነ።

እኔም የሕግ ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት የጥናት ቡድን አባል ነበርሁ። ከመደበኛ ሥራችን ተነጥለን ወራት አሳለፍን። አንድ የፈቃድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ወደ መዝገብ ቤት እስኪመለስ በስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ ግድግዳ ላይ በወረቀት ስንዘረጋ፣ 17 ሆኖ አገኘነው። ከነዚህ መካከል ስድስቱ ጠረጴዛዎች ጉዳዩን ወደ ቀጣዩ ከመምራትና ፓራፍ ከማድረግ በቀር ምንም አይሠሩም። ውጤቱን ስናቀርብ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ከሳቁት መካከል ፓራፍ አድራጊዎቹም ነበሩበት።

የነደፍነው አዲስ ሂደት በአራት ጠረጴዛ የሚያልቅ ነበር። አንድ ኦፊሰር ማመልከቻውን ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ይወስናል። ተጨበጨበልን፤ ትግበራውም ተጀመረ። በሦስተኛው ወር ግን ወረፋው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ምክንያቱን ፍለጋ ፋይሎቹን ሳገላብጥ፣ ኦፊሰሮቹ መርምረው ከጨረሱ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ሸኚ ደብዳቤ እንደሚጽፉ አየሁ፦ «ለውሳኔ እንዲመች አቅርቤአለሁ»። ፋይሉ ወደ ሂደት ባለቤቱ፣ ከእርሱ ወደ ምክትሉ፣ ከምክትሉ ወደ ዋናው ኃላፊ ይወጣል።

ኦፊሰሮቹን ፈሪዎች ናችሁ ብሎ መውቀስ ቀላል ነበር፤ በስብሰባም ተወቅሰዋል። እውነቱ ግን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ለኃላፊው የተሰጠ ሲሆን፣ መመሪያው አልተሻሻለም። ብዙዎቹ የማቋቋሚያ ሕጎቻችን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለሥራው ቅልጥፍና በሚያስፈልግ መጠን ሥልጣንና ተግባሩን በከፊል ለሌሎች ኃላፊዎችና ሠራተኞች በውክልና ሊያስተላልፍ እንደሚችል ይደነግጋሉ። ውክልናው በጽሑፍ ካልተሰጠ ግን፣ የኦፊሰሩ ውሳኔ ነገ ኦዲት ሲመጣ የእርሱ የግል ጥፋት ይሆናል። በግድግዳ ላይ የተሳለ ቀስት በኦዲተር ፊት ማስረጃ አይደለም። ይህን ቀድሞ ማየት የነበረበት ደግሞ የሕግ ባለሙያው፣ ማለትም እኔ ነበርሁ። ሂደቱን ስንስል መመሪያውን «በኋላ እናስተካክለዋለን» ብዬ ያለፍኩት እኔው ነኝ።

ሌላም ያለፍነው ነገር ነበር። የመዝገብ ቤቱን ሥራ የያዙት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ከ20 ዓመት በላይ አገልግለዋል። አዲሱ መዋቅር ለቦታው ዲፕሎማ ስለሚጠይቅ በድልድሉ ሳይመደቡ ቀሩ። ዝርዝሩ የተለጠፈ ዕለት ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ፣ «ወንድሜ፣ ቁጠኛ አይደለሁም፤ ግን የ1988ቱ ፋይል የት እንዳለ ማንን ትጠይቃላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከአምስት ወር በኋላ በኮንትራት ተጠርተው መጡ፤ ፋይል ለማስያዝ።

ሐመርና ቻምፒ በመጽሐፋቸው፣ ሳይንሳዊ ግምት እንዳልሆነ ገልጸው፣ ለውጡን ከሚጀምሩ ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያሰቡትን ታላቅ ውጤት እንደማያገኙ ጽፈዋል። ሐመር በ1996 ደግሞ የምህንድስና አስተሳሰቡ የሰውን ጉዳይ በቂ ክብደት እንዳይሰጠው እንዳደረገው በግልጽ አምኗል። በ1995 ጆን ኮተር የተቋማት ለውጥ የሚከሽፍባቸውን ስምንት ስህተቶች ሲዘረዝር፣ ድሉን ሳይጠና ማወጅን ከነዚሁ አንዱ አድርጎታል። እኛ የትግበራ ማብሰሪያ በዓላችንን ያከበርነው በስድስተኛው ሳምንት ነበር፤ ኮፍያና ቲሸርትም ታትሟል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙ ናቸው። ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓቱ፣ የለውጥ ሠራዊቱ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘን። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፋይዳ አላቸው፤ ካይዘን በተለይ በፋብሪካ ወለል ላይ ያለውን ሠራተኛ ማዳመጡን እወድለታለሁ። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አገልግሎት የሚሰጡበት መሶብ የተባለው ማዕከል ተከፍቷል።

በሕጉ በኩል የተሻለ ነገር አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች ተመዝግበው ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ፣ አስተዳደራዊ ውሳኔም ምክንያቱ ተገልጾ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በእኛ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ ለማግኘት የኃላፊውን ጸሐፊ መለመን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የለውጥ ቡድን አባል ሆኖ የተመረጠ ወጣት የሕግ ባለሙያ ግድግዳው ላይ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት መመሪያውን አውጥቶ «ፈቃዱን የሚሰጠው» ከሚለው ሐረግ በኋላ የማን ማዕረግ እንደተጻፈ ማየት ይችላል።

በእኛ መሥሪያ ቤት መመሪያው የተሻሻለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ረቂቁን እኔ ጻፍሁት፤ ለውጡ የአንድ አንቀጽ ለውጥ ነበር፣ ሁለት መስመር። የጥናት ቡድኑ በዚያን ጊዜ ተበትኖ፣ ከአባላቱ ሦስቱ መሥሪያ ቤቱን ለቀው ነበር።